ቀፎ ገዛሁ፤ ንቡ ግን የመጣው ለበሶብላው ነው

ነገሩ የጀመረው በዱባ ነው።

አምና ክረምት ጓሮዬ ውስጥ የተከልኩት ዱባ እንደ ጉድ አበበ። ሐረጉ አጥሩን ዘሎ ሄደ፣ አበባው ቢጫ በቢጫ ሆነ፣ ፍሬው ግን አውራ ጣት ሲያክል ይጠወልግና ይረግፋል። ፍግ አነሰው ብዬ ጨመርኩ። ውሃ በዛበት ብዬ ቦይ ቀደድኩለት። ወይ ፍንክች። ክረምቱ ሲወጣ ሁለት ዱባ ብቻ ለቀምኩ፤ አንደኛው ደግሞ ጎረቤት ግቢ ገብቶ ያፈራ ስለሆነ ለእትዬ ተውኩላቸው።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ንብ ያነቡ አንድ ሽማግሌ አሉ። አባባ ነው የምላቸው። አንድ ቀን አጥሩ ጋ ቆመው ዱባዬን አዩትና "ልጄ፣ ጧት ጧት እዚህ ንብ ታያለሽ?" አሉኝ። አስቤው አላውቅም ነበር። ለካ ዱባ ወንዱና ሴቷ አበባ ለየብቻ ናቸው። ከሴቷ አበባ ሥር ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት አለች፤ ወንዱ ቀጥ ያለ አገዳ ብቻ ነው ያለው። ብናኙን ከወንዱ ወደ ሴቷ የሚያደርስ ነገር ከሌለ እብጠቷ ትረግፋለች፣ አለቀ። አበባው ደግሞ ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ ረፋድ ላይ መጨማደድ ይጀምራል። በዚያች አጭር ጊዜ ንብ ካልደረሰ ያ አበባ ከሰረ ማለት ነው። በማግስቱ ጧት በ12 ሰዓት ቡናዬን ይዤ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። እስከ 3 ሰዓት ዝንብ አየሁ፣ ጉንዳን አየሁ፣ ንብ የሚባል ነገር ግን ዝር አላለም።

የምኖረው ባህር ዳር ዳር ላይ ነው። እዚህ ስንገባ ከኋላችን የኑግ ማሳ ነበር። አሁን ማሳው ቤት ሆኗል፣ ቤቱም ግቢውን ዳር እስከ ዳር በሲሚንቶና በሴራሚክ ለብጦታል፤ አበባ አለ ከተባለ በር ላይ የተንጠለጠለ ቡገንቪላ ነው። ንቡ ከየት ይምጣ?

እኔም እንደማንኛውም ችኩል ሰው መፍትሔው ቀፎ መግዛት ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዚያ ቀፎና አብሮት የመጣው ዕቃ ግምገማ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስለዚህ ጥሩውንም መጥፎውንም አይቼዋለሁ። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነው የገዛሁት። ስሙን አልጠራም፤ ምክንያቱን እየቆያችሁ ትረዱታላችሁ። "ሙሉ ጥቅል" ይሉታል፦ የሽግግር ቀፎ፣ ማጨሻ፣ ልብስ ከነመሸፈኛው፣ ጓንትና የንብ መጥረጊያ። ጠቅላላ ዋጋው ከደህና ሙክት በላይ ነው፤ ለበዓል ያስቀመጥኩት ብር ነበር፣ በዓሉም በዶሮ አለፈ።

የሽግግር ቀፎ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ባህላዊው ቀፎ ከሸምበቆ ወይ ከሐረግ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የሚለሰነው ክብ ረጅሙ ነው፤ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ማር ሲቆረጥ እጭ፣ ሰም፣ ንብ ሁሉም አብሮ ይታመሳል። ዘመናዊ የሚባለው ደግሞ ባለፍሬሙ ሳጥን ነው፤ ፎቅ ይጨመርበታል፣ ማሩ በማሽን ይወጣና እንጀራው (ንቦቹ ማርና እጭ የሚያስቀምጡበት የሰም ቤት) ሳይፈርስ ተመልሶ ይገባል። የሽግግሩ መሃል ላይ ያለ ነው። ግርግም የመሰለ ረጅም ሳጥን ነው፣ ጎንና ጎኑ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፣ ከላይ ጣውላዎች ይረበረቡበታል፣ ንቦቹ ከእያንዳንዱ ርብራብ ሥር አንድ እንጀራ አንጠልጥለው ይሠራሉ። አንዱን ርብራብ ስታነሺ አንድ እንጀራ ብቻ ይወጣል፣ ሌላው አይነካም።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ለምን ባለፍሬሙን አልገዛሽም ይለኛል። ባለፍሬሙ ብዙ ማር ይሰጣል፣ እውነት ነው፤ በተለምዶ ከባህላዊው በዓመት 5 ኪሎ ገደማ ሲጠበቅ ከባለፍሬሙ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይጠበቃል። ግን የተዘጋጀ የሰም ንጣፍ ይፈልጋል፣ ማር ማውጫ ማሽን ይፈልጋል፣ ሳጥኑ በሚሊሜትር ካልተለካ ንቡ ሁሉንም ፍሬም በሙጫ አጣብቆ ያስቀምጥልሻል። ለአንድ ጓሮ፣ ለአንድ ቀፎ፣ ለዱባ ሲባል ይሄ ሁሉ ጣጣ አይገባም። ሌላም አለ። በእኛ አገር ንብ ማነብ የወንድ ሥራ ሆኖ የቆየው አንዱ ምክንያት ዛፍ ላይ ስለሚወጣበት ነው። የሽግግሩ ቀፎ ወገብ ላይ በሚደርስ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል፣ ቀሚስ ለብሼ እከፍተዋለሁ። ይሄ ለእኔ ትልቁ ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ።

ቀፎው መስከረም ላይ ሲመጣልኝ አምሮ ነበር። ከውጭ አረንጓዴ ቀለም፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ እንጨቱ ግራቪሊያ። ያኔ ያላስተዋልኩት ከውስጥም መቀባቱን ነው። በደንብ፣ ሁለት እጅ፣ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም። ጎበዝ ብዬ ነበር እኮ! አባባ ባዘዙኝ መሠረት አውድ ዓመቱ ሳያልፍ መቆሚያው ላይ አስቀመጥኩት፤ አደይና ኑጉ ሲያብብ መንጋ ቤቱን ለቆ አዲስ ቤት የሚፈልግበት ጊዜ ነውና። እንደ ዕድል ሆኖ መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ መንጋ መጥቶ ሰፈረ። ዘለልኩ። ለእህቴ ደወልኩ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ እንደ ጭስ ተነሥቶ ሄደ። አንድ መዳፍ የማያክል ነጭ እንጀራ ብቻ ትቶልኝ።

አባባ መጥተው አፍንጫቸውን ከተቱበትና ሳቁ። "ልጄ፣ አንቺ እዚህ ውስጥ ታድሪ ነበር?" አሉኝ። የቀለም ሽታ ነበር ያባረረው። ለማንኛውም ቀፎ ለምትገዙ፦ ከውስጥ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ምንም አይቀባም። ባዶ እንጨት ነው የሚፈለገው፤ ንቦቹ ራሳቸው በሙጫቸው ይለስኑታል። ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው፣ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ከፍተን አሰጣነው፣ በወይራ አጠንነው፣ ርብራቡ ላይ ሰም ቀባን፣ በሩ አካባቢ ደግሞ ጠጅ ሳር አሸንበት። ጠጅ ሳሩ የእሳቸው ምሥጢር ነው መሰለኝ፣ ኋላ ሳነብ ግን ንቦች "ኑ፣ ቤቱ እዚህ ነው" ለመባባል የሚለቁት ሽታ የሎሚ ሽታ እንዳለው አየሁ። ጠጅ ሳርም የሚሸተው እንደዚያው ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሁለተኛው መንጋ መጣ። እሱ ቀረ፣ እስካሁንም አለ።

ጉዱ ግን አላለቀም። ታኅሣሥ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። ሁለተኛውን ርብራብ አነሣሁ፣ ደህና ነው። ሦስተኛውን አነሣሁ፣ እንጀራው ጠርዝ ላይ ነው። አራተኛው አልነሣ አለ። ሳብ ሳደርገው አራተኛውና አምስተኛው በአንድ እንጀራ ተጣብቀው ተያይዘው መጡ፣ እንጀራው ተቀደደ፣ እጩ ፈሰሰ፣ ንቡ አበደ። ሮጬ ቤት ገባሁ።

ምን ሆኖ ነው? የርብራቡ ስፋት ነው። የእኛ ንቦች ከአንዱ እንጀራ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 32 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚተዉት፤ ስለዚህ ርብራቡም 32 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የእኔን በማስመሪያ ስለካው 38 ሆኖ ተገኘ። 6 ሚሊሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንዱ ላይ ምንም የላት። ንቡ ግን የራሱን ልክ ይዞ ስለሚሄድ አምስተኛው ርብራብ ላይ ሲደርስ 3 ሳንቲሜትር ፈቀቅ ብሏል፣ ያ ማለት አንድ ሙሉ እንጀራ ያለቦታው ገብቷል። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ተዘበራርቆ አንዱ ርብራብ ከሌላው ጋር ይሰፋል፣ የሽግግር ቀፎ የተገዛበት ቁም ነገር፣ አንድ በአንድ ማንሣቱ ማለቴ ነው፣ ገደል ገባ። ከባህላዊው ቀፎ በምን ተሻለ ታዲያ?

ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ሄድኩ። ባለሙያው ትሑት ልጅ ነው፣ ረጋ ብሎ ሰማኝና "እህቴ፣ ንቡ ይለምደዋል" አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም መጣ። ንብ ይህን ልክ ስንት ሺህ ዘመን ይዞት የኖረ ነው፣ ለእኛ ሰፈር አናጢ ብሎ አይቀይርም። በመጨረሻ ግን እውነቱን ልናገር፣ ልጁ 27ቱንም ርብራብ ያለምንም ክፍያ እንደገና ሠርቶልኛል። ንቡን ወደ አዲሶቹ ማዛወሩ የእኔና የአባባ ዕዳ ሆነ። ሁለት ምሽት ፈጀብን፣ ጥሩ የነበሩትን እንጀራዎች በቃጫ አሰርናቸው፣ ንቦቹ ካጣበቁት በኋላ ቃጫውን ራሳቸው እየቆራረጡ በበሩ ጣሉት። ያንን ማየት ብቻውን ገንዘቤን መለሰልኝ ለማለት ይቃጣኛል። ግን አልመለሰም።

ሦስተኛው ጉድለት ክዳኑ ነው፤ ቆርቆሮው ከሳጥኑ ጋር እኩል ነው የተቆረጠው። የባህር ዳርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያስወጣው ነበር። የማዳበሪያ ጆንያ ደርቤበት አለፈ።

ጥሩውንም ልበል። የጎኖቹ ማጋደል ልክ ነው፤ ንቡ እንጀራውን ከግድግዳው ጋር አላጣበቀውም፣ የሽግግር ቀፎ ጎኑ የሚያጋድለውም ለዚሁ ነው። እንጨቱ አልተጣመመም። የመቆሚያው እግሮች የሚቆሙበት ጣሳ አብሮ መጥቷል፣ የተቃጠለ ዘይት ስትጨምሩበት ጉንዳን አይወጣም። ጉንዳን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በአንድ ሌሊት ቀፎውን ሙሉ ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ለቀፎው ከ5፣ 3 እሰጠዋለሁ። ርብራቡ ሳይስተካከል በፊት ቢሆን 1።

ሌላው ዕቃ ብዙ አያስወራም። ማጨሻው ጎበዝ ነው፣ ወናፉ ቆዳ ነው፣ በደረቅ ኩበት ግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ ያጨሳል። ፕላስቲክና ናፍጣ የነካው ጨርቅ እንዳታስገቡ፣ ማሩ ላይ ይቀራል። ልብሱ ነጭ ጥጥ ነው፣ ደግ ነው፤ ጥቁር ልብስ ንብን ያስቆጣል። የፊት መሸፈኛው መረብ ግን ነጭ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ምንም አይታይም፤ ጥቁር መረብ መሆን ነበረበት። አንገቱ ላይ ዚፑ አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት አለው። እዚያች ክፍተት ገብተው ሦስት ጊዜ ነድፈውኛል። ጓንቱ የወጥ ቤት ጓንት ነው፣ በቃ፤ ሌላ ስም የለውም። መጥረጊያው ጥሩ ነው፣ ግን የዶሮ ላባም ያንኑ ይሠራል።

(መንደፍ ከተነሣ፦ ንብ ስትነድፍ የምትለቀው ሽታ ሙዝ ሙዝ ይላል፣ ሌሎቹን የሚጠራውም እሱ ነው። ሙዝ በልታችሁ ቀፎ አትክፈቱ። መንደፊያውንም ወዲያው በጥፍር ፋቅ አድርጎ መጣል ነው፣ በቆየ ቁጥር መርዙ ይገባል።)

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዕቃ ነው። ግን ዋናውን ነገር አልነገርኳችሁም። ቀፎው በመጣበት ወር ጓሮዬ ውስጥ ንብ ማየት ጀምሬ ነበር፣ መንጋው ሳይሰፍር በፊት ማለት ነው። ከቀፎው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በዚያ ክረምት ሰነፍኩና በሶብላዬን ሳልቆርጠው አበበ። ለወትሮው ገና ብቅ ሲል ለበርበሬ ብዬ እሸመጥጠው ነበር። መስከረም ላይ በሶብላው ነጭ ሆኖ ሲያብብ ንቡ ከየት መጣ ሳይባል ወረሰው። ጧት ሄዳችሁ ስታዳምጡ ቁጥቋጦው እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። አባባ ይህን ሲያዩ "ቀፎውን ሳትገዢ በፊት ይሄን ማድረግ ነበረብሽ፣ ንብ የሚቸግረው ቤት አይደለም፣ ምግብ ነው" አሉኝ። አሁን ይሉኛል!

ከዚያ በኋላ ጓሮዬን በንብ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ችግኝ ጣቢያ ሄጄ "ንብ የሚወደው አበባ ስጡኝ" ብል ልጁ ቡገንቪላ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ ጄራንየም። ከዚያ ደግሞ ያችን ድርብርብ የቤት ጽጌረዳ። ሦስቱም ለዓይን ያምራሉ፣ ለንብ ግን ባዶ ሰፌድ ናቸው። የቡገንቪላ ቀለም እኮ አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው፣ እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት። ድርብ ጽጌረዳም ብናኝ መሸከም የነበረበት ነገር አብዛኛው ወደ አበባ ቅጠልነት ተቀይሮበታል። ስለዚህ ለችግኝ ጣቢያው ከ5፣ 2። ሁለቱን የሰጠሁት ፊት ለፊቱ መደዳውን የተተከለው የጥብስ ቅጠል አጥር በንብ ተሞልቶ ስለነበር ነው፤ ልጁ ቆሞበት አላየውም።

ንብ የሚወደው በአብዛኛው እኛ ወጥና ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ነው። በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ዳማከሴ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል። ከዛፍ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ባህር ዛፍም ቢሆን (ባህር ዛፍን የፈለጋችሁትን ስደቡት፣ ንብ አይሰድበውም)። ግራዋ ደግሞ ለብቻው ሊመሰገን ይገባል። በአጥር ዳር ከቅርንጫፉ ቆርጠሽ ብትሰኪው ይበቅላል፣ በጋ ላይ ሌላው ሁሉ ደርቆ ሲቀር እሱ ያብባል። ለንብ ክፉው ጊዜ ደግሞ ያ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ አደዩም ኑጉም ስላለ ንብ የእኔን በሶብላ አይለምንም፤ ጭንቁ ያለው ከበጋው እኩሌታ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ነው። ጓሮ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትተክሉ ከሆነ በዚያ ጊዜ የሚያብብ ትከሉ።

አርሶ አደሩ በዚያ ወቅት ንቡን ይቀልባል። በሶ፣ ሽሮ፣ ስኳር በውሃ በጥብጠው ሲያስቀምጡለት አይቼ በጣም ገርሞኛል፤ ለካ የሽሮና የበሶ ዱቄት የአበባ ብናኝን ቦታ እንዲተካ ነው። እኔ የካቲት ላይ ለሦስት ሳምንት ስኳር በውሃ እኩል በእኩል በጥብጬ ሰጥቻለሁ፤ ጭድ ጣል ካላደረጋችሁበት ይሰምጣሉ።

ውሃም እንደዚያው ነው። ሰፊ የሸክላ ሳሕን፣ ጠጠር ሞልታችሁ፣ ውሃው ጠጠሩን ሳይሸፍን። ይህን ካላደረጋችሁ ንቡ ውሃ ፍለጋ ጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው የሚሄደው፣ ከዚያ የሚመጣውን ንግግር እኔ አልነግራችሁም። ሳሕኗ ከሙሉ ጥቅሉ ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም፣ የሠራችው ሥራ ግን ከጓንቱም ከልብሱም ይበልጣል። ለእሷ ከ5፣ 5።

ጎረቤት ካልኩ አይቀር። የእኛ አገር ንብ ቁጡ ነው። በፊልም ላይ ፈረንጆች ባዶ እጃቸውን ቀፎ ሲከፍቱ ያያችሁት እዚህ አይሞከርም። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ከአጥሩ ማዶ ሕፃናት የሚጫወቱበት ወይም በግ የሚታሰርበት ከሆነ፣ ቀፎ አትግዙ። በቃ አትግዙ። የእኔ ቀፎ የቆመው ከጓሮው ጫፍ ነው፣ በሩ ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ግራዋው አጥር ይዞራል፤ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ንቡ ሲወጣ ሽቅብ ይነሣና በሰው ጭንቅላት ላይ ያልፋል። የምከፍተውም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፣ ጎረቤት በሩን ዘግቶ ሲገባ። ይህን ሁሉ አድርጌም የእትዬ የልጅ ልጅ አንድ ጊዜ ተነድፏል።

ከእትዬ ጋር ሌላም ጉዳይ ነበረን። ጎመናቸውን አፊድ የሚባለው ተባይ ሲበላባቸው ጧት ጧት መድኃኒት ይረጩ ነበር። አንድ ቀን በቀፎው በር ሥር እፍኝ ሙሉ የሞተ ንብ አገኘሁ። ሄጄ "እትዬ፣ አይርጩ" ብላቸው ጎመኑ የእንጀራቸው ነገር ነው፣ አያምርም። ስለዚህ "እትዬ፣ ሲመሽ ይርጩልኝ፣ ያበበውን ደግሞ ይለፉልኝ" አልኳቸው። ሲመሽ ንብ ቤቱ ገብቷል፣ ሌሊቱን መድኃኒቱ ይደርቃል፤ ጉዳቱ ጨርሶ ባይጠፋም ይቀንሳል። አንድ ብርጭቆ ማር ቃል ገባሁና ተስማማን። የሰፈራችሁን ንብ መጠበቅ ከፈለጋችሁ ከየትኛውም ቀፎ በፊት ይህ ወሬ ይቅደም።

ቀፎ መግዛት የማትችሉ ወይም የማትፈልጉ ደግሞ ምንም አልቀረባችሁም። ማር የማይሰጡን ስንት ዓይነት ንቦች አሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ደረቅ እንጨት በስተው ወይ አፈር ቆፍረው ጎጆ የሚሠሩ። የዱባ አበባ ውስጥ ገብታ ብናኝ ተለውሳ የምትወጣውን ትልቋን ጥቁር ንብ አይታችኋት ይሆናል። ለእነሱ የሚያስፈልገው አንድ ያልተለበጠ የመሬት ጥግና ያልተቃጠለ አሮጌ ግንድ ነው። ጣዝማም እኮ መሬት ውስጥ ነው የምትኖረው፣ መንደፊያም የላት፤ ማሯን ለሳል ስንፈልጋት ብቻ ነው የምናስታውሳት። ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሴራሚክ ስናደርገው ለእነዚህ ሁሉ በሩን ዘጋንባቸው ማለት ነው።

ማሩን እንዳልረሳው። ኅዳር ላይ ምንም አልቆረጥኩም፣ ገና አዲስ ነበሩ። ሰኔ ላይ 6 ኪሎ ቆረጥኩ፣ ቀሪውን ለክረምቱ ተውኩላቸው። በሰም የተከደነውን እንጀራ ብቻ ነው የወሰድኩት፤ ያልተከደነው ገና ውሃው ያልጠፋ ማር ስለሆነ ቢቀመጥ ይፈላል፣ ሳትጥሉት ጠጅ ይሆንባችኋል። ለእትዬ ብርጭቋቸውን ሰጠሁ። በወሩ ጠርተው "ይሄ ማር ስኳር አለበት መሰለኝ፣ ረጋ እኮ" አሉኝ። ማር ይረጋል እትዬ፣ ንጹሑም ይረጋል፣ በሞቀ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ይቀልጣል። ያመኑኝ አይመስለኝም።

ዱባውስ? ዘንድሮ እስካሁን 11 ቆጥሬያለሁ፣ ነሐሴም ገና አላለቀም። ሁሉንም ለንቡ አልሰጥም፤ ፍጉም ዘንድሮ የተሻለ ነበር፣ ዘሩም ሌላ ነው። ግን ጧት በ12 ሰዓት ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ በአንድ አበባ ውስጥ ሦስት አራት ንብ ሆነው ብናኝ ለብሰው ሲንከባለሉ አያለሁ፣ አምና በዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ዝንብ አስታውሳለሁ። እና አንድ ነገር፦ የቀፎዋን እናት በአማርኛ አውራ እንላታለን፣ ወንድ ይመስል። እንቁላል ስትጥል በዓይኔ ካየሁ በኋላ ስሟን ለመቀየር ሞክሬ ነበር፣ አባባ ጋ ግን አላለፈም።

ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? ቀፎውን አዎ፣ ሙሉ ጥቅሉን አልገዛም። ማጨሻውንና ቀፎውን ለየብቻ፣ ጓንቱን ከሌላ ቦታ። ባለፈው ሳምንት እህቴ ለእሷም እንዳዝላት ጠይቃኝ ወደዚያው እንጨት ሥራ ቤት ሄጄ ነበር። ማስመሪያዬን በቦርሳዬ ይዤ። ልጁ ገና ሲያየኝ ሳቀና በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። በእርሳስ "32" ብሎ ጽፎ ሦስት ጊዜ አክብቦበታል። ከሥሩ ደግሞ "ውስጡ አይቀባ"። ክዳኑ ግን አሁንም ከሳጥኑ ጋር እኩል ነው።